የዋርዲና ዕዳ ባለቤት

ሳፉራ ሰው ጠይቃ አፍራ አታውቅም። ሙዝ ጥብስ ሊገዛ መኪናውን ያቆመ መንገደኛ፣ ዘይቱ እስኪግል ድረስ ከየት እንደመጣ፣ ሚስቱ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ጎማውን በስንት እንዳስቀየረ ሳይናዘዝ ሙዙን ተቀብሎ የሄደበት ቀን የለም። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ፣ ምስጢር ያለው ሰው ሙዙን ከድልድዩ ማዶ ይገዛል።

እንዲህ ያለችው ሴት ስለ ገዛ ልጇ ዕዳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ መኖሯ ነው የሚገርመው። ዋርዲና ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት የተማረችው በመንግሥት ብድር ነው። ወረቀቱ ሲፈረም አባቷ በሕይወት ነበር። እሱ ፈረመ፣ ሳፉራ ዶሮ አረደች፣ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ልጅቷ ተመረቀች፤ ሙዋር ከተማ አንዲት ትንሽ የጥርስ መሥሪያ ቤት ገባች፤ አባቷ ታመመ፤ ደሞዟ በመድኃኒትና ሆስፒታል በመመላለስ አለቀ፤ አባቷም አረፈ። በዚህ ሁሉ መሐል ደብዳቤ ይመጣል።

«ምንድን ነው?» ትላለች እናት።

«የትምህርት ነው» ትላለች ልጅ።

ለሳፉራ ትምህርት ማለት ጥሩ ነገር ስለሆነ አልፋ አትጠይቅም።

አሁን ግን ዋርዲና ኒው ዚላንድ ልትሄድ ነው። ዳኒዲን በምትባል ከተማ ያለ የጥርስ መሥሪያ ቤት ውል ልኮላታል፤ ቪዛውም መጥቷል፤ በረራው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ ሳፉራ ልጇን አስከትላ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ሐላል ሳይባል ከሰፈር አይወጣማ። ከማን ቤት ምን እንደበላ፣ ከማን ዛፍ ምን እንደቀጠፈ፣ ማንን ምን ብሎ እንዳስቀየመ ማን ያስታውሳል? በየደጁ ይቆማል፤ «የበላሁትን የጠጣሁትን ሐላል በሉኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ሐላል፣ ሐላል» ይላል፤ እጅ ይሳማል፤ የቆየው ሁሉ ያለ ክፍያ ይዘጋል።

ዙሩ መጀመሪያ በሳቅ ነበር የሄደው።

«የራምቡታን ዛፌን ፍሬ በየዓመቱ ሳይበስል የምትጨርሺው አንቺ ነሽ አይደል?» አለች ጎረቤታቸው እትዬ መይሙና፣ በሯ ላይ ቆማ።

«ብቻዬን አልነበርኩም፣ እትዬ» አለች ዋርዲና።

«ሌሎቹ ሲሄዱ ይጠይቁኝ። ያንቺን ሐላል ብያለሁ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ እዚያ አገር ሰዎቹ ጥርስ የላቸውም እንዴ አንቺን ከዚህ ድረስ የሚጠሩሽ?»

«አላቸው፤ ይረግፋል።»

«አይ! በሀብታም አገርም ይረግፋል!» እትዬ መይሙና በዚህ በጣም ደስ አላት፤ ለሰፈሩ ሁሉ ልትናገረው እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል።

ሳቁ የቆመው ሐጂ ሙኽሊስ ቤት ነው። ሐጂ ሙኽሊስ አምና ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ደብዳቤ ሳይከፍቱ ውስጡን ያውቃሉ ይባልላቸዋል። ሐላሉን በልግስና ሰጡ። ከዚያ ደረጃው ላይ ጫማዋን የምታጠልቀውን ዋርዲናን ቁልቁል እያዩ፣

«ከመንግሥትስ ጋር ተባባልሽ?» አሏት።

ዋርዲና አንዱን እግሯን አጥልቃ ሌላውን ረሳችው።

«ከማን ጋር?» አለች ሳፉራ።

«ያንን ሰማያዊ ማኅተም ያለበትን ፖስታ ሦስት ዓመት ያመላለስኩት እኔ አይደለሁም? የትምህርት ብድር ነው። የእህቴ ልጅ እንዲሁ እንደቀልድ ሻንጣውን አስጭኖ፣ ዘመድ አልቅሶለት፣ ፓስፖርቱን ሲያቀብል ‘ወንድሜ፣ ስምህ ተይዟል’ አሉት። ወደ ቤቱ ሲመለስ ለሽኝቱ የታረደው ፍየል እንኳ ገና አላለቀም ነበር።»

ያን ጊዜ እንዲያ ነበር። ብድሩን መክፈል ያቆመ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ድንበር አያልፍም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳፉራ ከፊት ከፊት ሄደች። ስትናደድ እርምጃዋ ይረዝማል።

«ያንቺም ስም ተይዟል?»

«ተይዟል። በኮምፒውተር አይቼዋለሁ።»

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር? ከአየር ማረፊያ ስትመለሺ?»

«ነገ ቢሮው ልሄድ ነበር፣ እማ። አዲስ ውል ከፈረምኩ፣ የመጀመሪያውን ወር ከከፈልኩና በየወሩ ከባንክ እንዲቆረጥ ካደረግኩ ስሜን ያነሱታል። እዚያ የማገኘው ደሞዝ የዚህን አራት እጥፍ ነው። እዚህ ተቀምጬ ዕዳው ሲያድግ ከማየው፣ እዚያ ሠርቼ ብከፍለው አይሻልም?»

«ስንት ነው?»

«ሠላሳ አንድ ሺህ ሪንጊት።»

ሳፉራ በሙዝ ልታሰላው ሞከረች። ከሙዋር ወንዝ እስከ ኒው ዚላንድ በባሕሩ ላይ የተደረደረ ሙዝ ጥብስ ታያትና ተወችው።

«በስንት ጊዜ?»

«በአሥራ ሁለት ዓመት። ከነአገልግሎት ክፍያው በወር ሁለት መቶ ሠላሳ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ዕዳ ተሸክመሽ ባሕር ማዶ!» ሳፉራ መንገዱ መሐል ቆመች። «በመሐል አንድ ነገር ብትሆኚስ? ዕዳ ያለባት ነፍስ ተንጠልጥላ ነው የምትቀረው። አባትሽን ስንቀብር ኢማሙ ምን አለ? ‘በሟቹ ላይ ዕዳ አለኝ የሚል ካለ ወደ ቤተሰቡ ይምጣ’ አላለም? ያኔ የመጣ አበዳሪ ነበር? አልነበረም። የአንቺን ማን ይጠይቅልሻል?»

«ልሠራ ነው እኮ የምሄደው፤ ልሞት አይደለም።»

«ሐላል ሳትባይ ሽኝት የለም። እጄን አታገኚም።»

ዋርዲና የእናቷን እጅ ሳትስም አውሮፕላን የምትሳፈር ልጅ አይደለችም። ይህን እሷም ታውቃለች፤ እናቷም ታውቃለች፤ ሰፈሩም ያውቃል። አሁን ሁለት በር ተዘጋባት፤ አንዱ አየር ማረፊያው ላይ፣ አንዱ ቤቷ።

ከሰዓት በኋላ ሳፉራ ሙዟን እየጠበሰች አንድ ጥያቄ ውስጧን ይበላት ጀመር። ሐላል የሚለው ባለቤቱ ነው። ራምቡታኑ የመይሙና ነው፤ ሐላሉን መይሙና አለች። የብድሩ ገንዘብ ባለቤት ግን ማነው? የትስ ነው ደጁ?

መጀመሪያ የቆመውን የጭነት መኪና ሹፌር ጠየቀችው።

«የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነዋ» አለ ሹፌሩ፣ ሙዙን እየነፋ።

«ከኪሱ ነው?»

«ከኪሱማ እንኳን ለእኛ ለሚስቱም አያወጣ።»

ቀጥሎ የመጣው የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ በትምህርት ቤት ድምፅ መለሰላት። «የሕዝብ ነው፣ እትዬ ሳፉራ። የሕዝብ ገንዘብ።»

«ሕዝብ ማን ነው?»

«እኔም፣ አንቺም፣ ሁላችንም።»

ሳፉራ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንዲያ ከሆነ ቀላል ነው። የእኔን ድርሻ ሐላል ብያለሁ። ያንተን በል።»

መምህሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ሐላል።»

«ሁለት ሰው ሆነ። ስንት ይቀራል?»

«ሠላሳ ሚሊዮን ገደማ።»

ሳፉራ ወደ ማዶው መንገድ ተመለከተች፤ ለመጀመር ያሰበች ትመስል ነበር። «ዘጠኝ ቀን አይበቃም» አለች በመጨረሻ። ለመምህሩ አንድ ሙዝ መረቀችለት።

በማግሥቱ ጠዋት ዋርዲና ወደ ከተማ ስትወጣ እናቷ ደህናውን ልብሷን ለብሳ፣ ሻርፗን በመርፌ አስይዛ ደጅ ላይ ጠበቀቻት።

«እማ፣ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የራሴ ጥያቄ አለኝ።»

የብድር ቢሮው አዳራሽ ረዥም ነው። በአንዱ ጫፍ ብድር የሚከፍሉ ሰዎች ወንበር ላይ ተደርድረው ቁጥራቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው ጥርስ ሊነቀል የመጣ ሰው ፊት ነው። ዋርዲና ከዚህ ዓይነቱ ፊት ጋር በሥራዋ ስለምትተዋወቅ አጠገባቸው መቀመጥ አልከበዳትም። ሰባተኛው መስኮት ላይ ዙልከርናይን የሚባል ለስላሳ ጎልማሳ ተቀምጧል። የዋርዲናን መታወቂያ ወስዶ ኮምፒውተሩን ካየ በኋላ ነገሩን ረጋ ብሎ አስረዳት፤ ለሰው የሚያስብ ዓይነት ነው።

«ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የሚሳሳተው የት መሰለሽ፣ እህቴ? በየወሩ ከዚያ ሆኜ እልካለሁ ይላል። የመላኪያው ክፍያ ትንሽ ትንሽ እያለ ይበላዋል፤ አንድ ወር ይረሳል፤ ሁለት ይሆናል፤ ስሙ ተመልሶ ይያዛል። እዚሁ አገር ያለ የባንክ ደብተርሽን አትዝጊው። የሦስት ወሩን አንድ ላይ ላኪ፤ እኛ በየወሩ በአንደኛው ቀን ከዚያ እንቆርጣለን። አድራሻሽን አሳውቂ። እዚህ የሚወክልሽ ሰው አስመዝግቢ።»

«እኔ ነኝ የምወክላት» አለች ሳፉራ። «ግን መጀመሪያ፣ ልጄ፣ ገንዘቡ የማን ነው?»

«የቢሮው ነው፣ እናቴ።»

«ቢሮው አንተ ነህ?»

«ገንዘቡ የእኔ ቢሆን እዚህ መስኮት እቀመጥ ነበር?»

ሰውየው ውሉን አትሞ ሰጣቸው፤ ዘወር ብለው ተመካክረው፣ ከተስማሙ ፈርመው እንዲመለሱ ነገራቸው። ሳፉራ ከወንበሯ ተነሣች፤ ቦርሳዋን አነገተች።

«እንግዲህ አድክመንሃል፤ ሐላል በለን፣ ልጄ።»

«ሐላል፣ እናቴ፣ ሐላል» አለ ዙልከርናይን፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።

ሳፉራ ተመልሳ ተቀመጠች። አስባበት ነው ያደረገችው ወይስ አፏ ለምዶ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሌላውን ትጠይቅ እንጂ ራሷ ስትጠየቅ አትወድም።

«አለቀ» አለች።

«ምኑ?»

«ዕዳው። ሐላል አልክ። በአላህ ፊት፣ በሰው ፊት።» ወደ ተቀመጡት ዞረች። «አልሰማችሁም?»

«ሰምተናል!» አለ አንድ ወፍራም ሰው፣ የተራ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ። «እኔም ተራዬ ሲደርስ ሰባት ቁጥር ነው የምሄደው!»

«እኔ ከእሱ እቀድማለሁ! አሥራ ዘጠኝ ሺህ ነው፤ ሐላል በለኝ፣ ወንድሜ!»

«የእኔ ከባለቤቴ ጋር ነው፤ አንድ ላይ ይባልልኛል ወይስ ለየብቻ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዋርዲና ውሉን ፊቷ ላይ ለጥፋ ከኋላው ተደበቀች። ዙልከርናይን ግን አልሳቀም፤ ጆሮው ቀላ፣ ግንባሩ አላበው። ሃይማኖቱን አጥባቂ ሰው ስለሆነ፣ የራሱ ያልሆነ ሠላሳ አንድ ሺህ ለቆ እንደሆነ እንጃ ብሎ በእውነት የፈራ ይመስላል።

ጫጫታውን ሰምታ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሐስማ ከቢሮዋ ወጣች።

«ዙልከርናይን፣ ምንድን ነው የማርከው?»

«ድካሜን ነው፣ ወይዘሮ ሐስማ። አድክመንሃል ሲሉኝ፣ ድካሜን ብቻ!»

ሳፉራ አዘነችለት። «ተይው፤ የእሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለች ለኃላፊዋ። «እኔ የምፈልገው ባለቤቱን ነው። ልጄ ሐላል ሳትባል ባሕር አትሻገርም። ማን እንደሆነ ንገሪኝ፤ ኩዋላ ሉምፑርም ቢሆን ደጁ እሄዳለሁ።»

«ሚኒስቴሩ ጋ ቢሄዱ ወደ እኔ ይልኩዎታል፣ እትዬ። እኔም መልሼ ወደ እነሱ እልክዎታለሁ።»

«እሺ፣ የተከፈለው ገንዘብ ከዚህ መስኮት ወዴት ይሄዳል?»

ወይዘሮ ሐስማ በእጇ የአዳራሹን ሌላ ጫፍ አሳየቻት። እዚያ አዲስ ብድር የሚጠይቁ ተቀምጠዋል፤ ማኅደር ያቀፉ ልጆች፣ ከጎናቸው እናትና አባት።

«እነዚህ መስኮቶች የሰበሰቡትን እነዚያ መስኮቶች መልሰው ይሰጡታል» አለች።

ሳፉራ አዳራሹን አቋርጣ ሄደች። ዋርዲና «እማ! እማ!» እያለች ግማሽ መንገድ ተከተለቻትና፣ ሰው ሁሉ ሲያያት ተመለሰች።

ሳፉራ የመረጠቻት ዘንቢል የያዘች፣ በፀሐይ የጠቆረች ሴት ናት። ከጎኗ አንዲት ቀጭን ልጅ ቅጽ ትሞላለች።

«ከየት ናችሁ፣ እህቴ?»

«ከፓሪት ጃዋ።»

«ዓሣ?»

«ባሌ ያጠምዳል፣ እኔ አደርቃለሁ። ይሸታል እንዴ?»

«ደህና ሽታ ነው። ልጅሽ ናት?»

«ሦስተኛዋ። ነርስነት ልትማር ተቀብለዋታል።»

«ጎሽ። ስምሽን ማን ልበል?»

«ኸይሪያ።»

«ኸይሪያ፣ የልጄ ዕዳ ባለቤት አንቺ ነሽ አሉኝ።»

ኸይሪያ ዘንቢሏን ወደ ጭኗ ሳበች። «እኔ ለማንም አላበደርኩም። ለወንድሜ እንኳ!»

ሳፉራ ከራምቡታኑ ጀምራ እስከ ዙልከርናይን ድረስ ነገረቻት። ኸይሪያ መሐል መሐል እየገባች ጠየቀች፤ ልጅቷ ምን ትሠራለች፤ ጥርሱ ከምን ይሠራል፤ ኒው ዚላንድ ይበርዳል ወይ፤ ደሞዙ ስንት ነው፤ አግብታለች? ለመጀመሪያ ጊዜ ሳፉራ ራሷን የምታክል ጠያቂ አገኘች፤ መልስ ሰጪ መሆን እንደሚያደክምም ያኔ ገባት።

«እና የገንዘቡ ባለቤት አንቺ ከሆንሽ፣ ሐላል በያት» አለች መጨረሻ ላይ።

ኸይሪያ ልጇን አየች። የልጅቷ ብዕር ቆሟል።

«አልልም» አለች። «ቅር አይበልሽ፣ እህቴ። ያንቺ ልጅ ሳትመልስ የቀረችው የእኔ ልጅ የምትማርበት ነው ካልሽኝ፣ እንዴት እላለሁ? ዓሣዬን በልታብኝ ቢሆን በደቂቃ እል ነበር። ይሄ ግን የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትገባለች፤ አንሶላዋን እንኳ ገና አልገዛሁላትም።»

ትናንት በየደጁ ሐላል ስትባል የዋለች ሴት እምቢ ስትባል ትቆጣለች ብሎ የጠበቀ ይኖራል። ሳፉራ ግን ትከሻዋ ወረደ፤ እፎይ አለች። ከትናንት ጀምሮ ባለቤቱ ነው ብለው የነገሯት ሁሉ ባለሥልጣን፣ ቢሮ ወይም ሠላሳ ሚሊዮን ሰው ነበር። አሁን ግን አንዲት የዓሣ ነጋዴ አጠገቧ ተቀምጣ ዓይኗን እያየች «የልጄን ገንዘብ አልለቅም» አለቻት። ከእንዲህ ያለ አበዳሪ ጋር መነጋገር ይቻላል።

«እውነትሽን ነው» አለች ሳፉራ። «እኔም ብሆን አልልም ነበር። እንግዲያው ጊዜ ስጪን።»

«ምን ያህል?»

«አሥራ ሁለት ዓመት። በየወሩ እየከፈለች።»

«ብታቋርጥስ?»

«ድልድዩ ሳትደርሺ መንገድ ዳር ሙዝ የምጠብሰው እኔ ነኝ። ነይና ጠይቂኝ።»

«ሙዙ ጥሩ ነው?»

«ብትመጪ ታውቂዋለሽ።»

ኸይሪያ ጣቶቿን ቆጠረች። «በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የእኔዋም ትምህርቷን ጨርሳ ዕዳዋን መክፈል ትጀምራለች።»

«ለማን?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ለሌላ ሰው ልጅ ነዋ።» ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ሳቁ፤ ቀጭኗ ልጅም ሳትወድ ፈገግ አለች። ከዚያ ኸይሪያ ሻርፗን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ነገሩን ከልቧ ይዛዋለች። «ገንዘቡን አልልም። ጊዜውን ግን ሐላል ብያለሁ።»

«ጮክ በይ፤ ልጄ ትስማው።»

«ጊዜውን ሐላል ብያለሁ!»

«እኔ ምንም አላልኩም!» አለ ዙልከርናይን ከሰባተኛው መስኮት።

ዋርዲና በስድስት ቦታ ፈረመች፤ የመጀመሪያውን ወር ከፈለች፤ እናቷን ወኪል አድርጋ አስመዘገበች። ስሟ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ከዝርዝሩ እንደሚነሣ የሚገልጽ ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱን አጣጥፋ ስትዞር እናቷ እጇን ዘርግታላት ቆማለች፤ እዚያው አዳራሹ መሐል፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ እያየ። ዋርዲና ጎንበስ ብላ ሳመችው፤ ግንባሯንም በእናቷ እጅ ላይ አሳርፋ ቶሎ ቀና አላለችም።

«በይ ተነሽ፤ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው» አለች ሳፉራ። እጇን ግን አልሳበችም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ሳፉራ፣

«በየወሩ በአንደኛው ቀን ነው የሚቆረጠው አይደል?» አለች።

«አዎ።»

«እዚያ አገር ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው?»

«አይደለም። በአራት ሰዓት ይቀድሙናል።»

«ማለት እዚህ ወሩ ሳያልቅ እዚያ አንደኛው ቀን ይሆናል?»

«ለጥቂት ሰዓት፣ አዎ።»

«በእነሱ አንድ ይሁን በያቸው፤ በእኛ ሳይሆን። ለኸይሪያ ልጅ አራት ሰዓት ቀድሞ ይድረሳት።»

ዋርዲና ባንክ እንደዚያ እንደማይሠራ ልታስረዳት አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችውና፣ «እሺ፣ እማ» አለች።